ቀሪው የት ይሄዳል?

የርዕሰ መምህሩን መታጠቢያ ክፍል ከወጥ ቤቱ የሚለየው አንድ ስስ ሳንቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግድነት እዚያ ያረፉት እትዬ ጸጥታ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ጥርሳቸውን እየቦረሹ ሳለ፣ ሊሰሙት የማይገባውን ነገር ሁሉ አንድም ሳይቀር ሰሙት።

«ጣሪያው ሊሠራ ነው እኮ የምልሽ!» ይላል ርዕሰ መምህሩ ሻዩን ፉት ብሎ። «የሷ የሦስት ወር ደመወዝ ብቻ የአንደኛ ክፍልን ጣሪያ ይከድናል። እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው። አንዷን በነጻ ይልክና የሌላዋን ደመወዝ ያተርፍልሻል።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማረች ሴት ናት» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ አባረርኳት? ፈቃድ ላይ ናት ነው ያልኩት።»

«ፈቃዱ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አሮጊቷ ስትሄድ ነዋ! እሷም ብትሆን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብትቆይልን አልጠላም። ከሄደችም ሁለት ሦስት ሌላ ታስልክልናለች። አንቺ ደግሞ እንቁላሉ እያረረብሽ ነው።»

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ መጀመሪያ የእትዬ ጸጥታን አንጀት ያሳረረው የመምህርቲቱ መከራ ሳይሆን «አሮጊቷ» የምትለዋ ቃል ናት። ስድሳ አንድ ዓመት ዕድሜ ነው እንጂ እርጅና ነው እንዴ? አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ተፍተው፣ ፊታቸውን በመስታወት ከግራም ከቀኝም መርምረው፣ በፎጣ ካደረቁ በኋላ ነው ሌላው ነገር ቀስ ብሎ የደረሰባቸው። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ጉሮሮ ዘግተው ነው «ተባረኩ» ሲባሉ የከረሙት! በመጡ ዕለት የተነገራቸው የክፍሉ መምህርት በራሷ ጥያቄ፣ ለግል ጉዳይ፣ ፈቃድ መውጣቷ ነበር። እሳቸውም የማያውቋት ሴት የማያውቁት ጉዳይ እንዲሳካላት በየማታው ከመኝታ በፊት ሲጸልዩላት ከርመዋል።

እትዬ ጸጥታ ስማቸው አይደለም። ክፍል በገቡ በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ ያወጡላቸው ነው፤ «ጸጥታ!» የሚለውን ቃል በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደሚናገሩት አንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ እየሰረዘ ቆጥሮ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሰልችቶት ተወው። ከዚህ በፊት ሠላሳ አራት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ግን ልማድ አብሮ ጡረታ አልወጣም። ስድስት ወር ሙሉ የልጃቸውን ቤት እንደ መዝገብ ቤት ሲያደራጁ ቆዩ፤ የቅመም ብልቃጦች ቁጥር ተሰጣቸው፣ የልጅ ልጆች ጫማ በመጠን ቅደም ተከተል ተሰደረ፣ አማቻቸው የማንኪያ መሳቢያ በከፈተ ቁጥር «ምን ፈለግህ?» ይባል ጀመር። አንድ እሑድ ታዲያ በቤተ ክርስቲያናቸው ማስታወቂያ ተነገረ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩ እንግዶች ይፈልጋል፤ ልቡ የተነካ ይመዝገብ ተባለ። የእትዬ ጸጥታ ልብ ገና ሳይነካ የልጃቸው ልብ ተነካና አስመዘገበቻቸው። ሻንጣቸውን የሸከፈው አማቻቸው ነው፤ ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀልጠፍ ብሎ አያውቅም። አስተምረው ያውቁ እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ለበጎ ፈቃድ፣ በጎ ፈቃድ ይበቃል ተባለ።

ቁርስ ላይ ርዕሰ መምህሩ እንደ ወትሮው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ሰውየው ክፉ መልክ የለውም። ፊቱ ክብ ነው፣ ሳቁ ቅርብ ነው፣ የሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ቀለም የተነካካ ነው።

«እንዴት አደሩልን እትዬ? እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«እንቅልፍስ ደኅና ነው» አሉ እትዬ ጸጥታ። «መንቃቱ ነው እንጂ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ጣለች። ርዕሰ መምህሩ ግን ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ዛሬ ያቺን ደብዳቤ እንዲፈርሙለት አስታወሳቸው። ደብዳቤዋ ለሳቸው ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ናት። የእንግዳዋ መምህርት አገልግሎት ያመጣውን ፍሬ ትዘረዝርና፣ በሚመጣው ወሰነ ትምህርት ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ሁለት በጎ ፈቃደኞች እንዲላኩ ትጠይቃለች። ትናንት ማታ ሲነበብላቸው እትዬ ጸጥታ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ስለ ራሳቸው እንደዚያ ሲጻፍ ሰምተው አያውቁማ።

ትምህርት ቤቱ ከርዕሰ መምህሩ ቤት ግቢውን አቋርጦ ነው። በር ላይ ዘበኛ፣ ከዘበኛው በስተኋላ ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር ስድስት ክፍል። የአንደኛ ክፍል ጣሪያ በእርግጥም ያፈስሳል። ከወለሉ ላይ ሦስት ባልዲ ተደርድሯል፣ ልጆቹም ዝናብ ሲመጣ የትኛው ባልዲ ቀድሞ እንደሚሞላ ይወራረዳሉ። እትዬ ጸጥታ ከጠዋት ጸሎት በፊት የመምህራን ክፍል ሲገቡ፣ እንደ ሁልጊዜው ወሬው ቁርጥ አለ። የአራተኛ ክፍሉ መምህር ጋዜጣውን ከፍ አደረገ፣ የአምስተኛ ክፍሏ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገኝ ነገር መፈለግ ጀመረች። እስከ ዛሬ ይህን ዝምታ አክብሮት ነው ብለው ነበር የሚያስቡት። እንዲያውም ለልጃቸው «እዚህ አገር መምህራን ለሰው ያላቸው ክብር ልዩ ነው፤ ገና ስገባ ጸጥ ነው የሚሉት» ብለው ጽፈውላታል። ዛሬ ሻያቸውን ራሳቸው ቀድተው፣ ስኳሩን የሚያቀብላቸው ሰው ጠፍቶ፣ መራራውን ጠጡት።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች አርባ ሰባት ናቸው። እትዬ ጸጥታ ስም ሲጠሩ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራሉ፤ ተጠሪው ተነሥቶ «አለሁ» ይላል፤ ቁጭ ብሎ ያለ እንደገና ይጠራል፤ የቀረ ልጅ ካለ የቀረበት ምክንያት ይጣራና ይመዘገባል። ይህ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። ከአንድ ክፍለ ጊዜ የተረፈችው አሥራ አምስት ደቂቃ ለትምህርት ትውላለች። ዛሬ ማካፈል ነበር። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሰባት ለአምስት ብለው ጻፉ።

«ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል። ጻፉ።»

ከፊተኛው ወንበር ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ቀሪው ሁለትስ?»

«ቀሪው ቀሪ ነው። ተዪው።»

«የት ይሄዳል ግን?»

እትዬ ጸጥታ አሰቡ። በመዝገብ ቤት ሕግ ቀሪ የሚባል ነገር የለም፤ ነገር ወይ ገቢ ሆኗል ወይ አልሆነም። «ጸጥታ!» አሉ፤ መልስ ሲጠፋ የሚያወጡት መልስ እሱ ነበር። ልጅቷ ተቀመጠችና ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ እስከ በሩ ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ «ግዴለም፤ ከሰዓት ቲቸር ትነግረናለች» አለች።

«የቷ ቲቸር?»

አርባ ሰባት ልጅ አርባ ሰባት ደብተር ላይ አቀረቀረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ሳይታዘዝ ጸጥ አለ።

ያኔ ነው ባለፈው ዓርብ የተደረገው ፈተና ትዝ ያላቸው። ከአርባ ሰባቱ አርባ አንዱ አልፈው ነበር። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ውጤቱን በድምፅ ማጉያ አስነግሮ፣ እንግዳዋ መምህርት በሦስት ሳምንት የሠሩትን ነባሮቹ መምህራን በሦስት ዓመት እንዳልሠሩት ገልጾ፣ አስጨብጭቦላቸዋል። እሳቸውም ፎቶ ተነሥተው ለልጃቸውና ለጸሎት ቡድናቸው ልከዋል። የልጆቹን ወረቀት ሲያርሙ ግን አንድ ነገር ግር ብሏቸው ነበር። ሁሉም ልጅ በየጥያቄው ጎን ትንንሽ ክቦች ሥሎ በመስመር ያቧድናቸዋል። እሳቸው እንደዚያ ያለ ነገር አላስተማሩም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ልጆች ወረቀት ላይ፣ ቆሽሿል ብለው ነጥብ ቀንሰዋል። ኋላ ላይ መልሱ ሁሉ ልክ ሆኖ ሲያገኙት፣ የማስተማር ጸጋ ማለት ይኸው ነው፣ ሳላስተምራቸው ገባቸው፣ ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ።

በዕረፍት ሰዓት ልጃቸው ደወለች። ስለ አየሩ ጠየቀች፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማዬ፣ እዚያ መቆየቱን ማራዘም ይቻላል እንዴ? ማለቴ፣ ደስ ካለሽ ነው።»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው። ቤቱንም ትንሽ እያደስን ስለሆነ…»

ከልጃቸው በስተጀርባ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲላጋ ይሰማል። የአማቻቸው ድምፅ «ኧረ መጋረጃውን አውልቀነዋል፤ ይጫወት ተይው» አለ። መጋረጃ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የእሳቸው። እትዬ ጸጥታ በመስኮት ሜዳውን እያዩ «በይ ደወሉ ተደወለ» ብለው ዘጉት። ደወሉ አልተደወለም ነበር። በዚህ ዕድሜያቸው በሁለት አገር ተፈላጊ ሆነዋል፤ አንዱ እንዲቀሩለት፣ ሌላው እንዳይመለሱበት።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃል። እትዬ ጸጥታ ምሳቸውን ትተው ጥርሰ ወላቃዋን ከኋላ ተከተሏት። ሰው ተከትለው አያውቁምና አካሄዳቸው ሁሉ ሌባ ሌባ ይሸት ነበር፤ ልጅቷ ዞር ስትል እሳቸው የመድኃኒት ቤት መስኮት ያያሉ፣ ስትሄድ ይሄዳሉ። ልጅቷ በጎማ ጥገናው በኩል አለፈች፣ የተሰበረውን ደረጃ ወረደች፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ስትደርስ ቆመችና «እትዬ፣ በዚህ በኩል ነው፤ ደረጃው ላይ እንዳይወድቁ» አለቻቸው።

ስፌት ቤቱ ጠባብ ነው። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መኪናው ላይ አጎንብሷል፤ ከጀርባው በተንጠለጠሉ ኮቶች ሥር አሥራ ዘጠኝ ልጆች በጨርቅ ጥቅልና በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተደርድረዋል። በመሃላቸው አንዲት ቀጠን ያለች፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ሸሚዝ ትተኩሳለች። በአንድ እጇ ካውያ ይዛ፣ በሌላው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁልፍ ትደረድራለች።

«አሥራ ሰባት ቁልፍ አለኝ። አንድ ሸሚዝ አምስት ቁልፍ ይፈልጋል። ስንት ሸሚዝ ይቆለፍልኛል?»

«ሦስት!»

«ስንት ተረፈ?»

«ሁለት!»

«የት ይሄዳል?» አለች ጥርሰ ወላቃዋ ገና ከበሩ ሳትገባ፤ ጠዋቱን ሙሉ ስታምጠው የዋለችው ጥያቄ ነው።

«የትም አይሄድም። ለሸሚዝ አልበቃም እንጂ ቁልፍነቱ አልቀረም። አስቀምጡት፣ ጻፉት፣ ሌላ ሲመጣ ይጨመርበታል።» ከዚያ ቀና ብላ እትዬ ጸጥታን አየቻቸው። አልደነገጠችም። «ይግቡ፤ በር ላይ ሲቆሙ ብርሃን ይከለክሉናል።»

እትዬ ጸጥታ ገብተው ሳጥን ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ተማሩ። ማንም «ጸጥታ» አላለም፤ ልጆቹም እንደ ወፍ እየተንጫጩ ማካፈሉን አወቁት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ወጥተው፣ ሁለተኛው ፈረቃ ሳይገባ፣ ሁለቱ ሴቶች ለጥቂት ደቂቃ ብቻቸውን ቀሩ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ጆሮው ስለሚከብደው፣ አይቆጠርም።

«እኔ ፈቃድ ላይ ነሽ ነው የተባልኩት» አሉ እትዬ ጸጥታ።

«ፈቃድ ላይ ነኝ። የማን ፈቃድ እንደሆነ ነው ያልተጻፈው።»

«የተጻፈ ነገር አለ?»

መምህርቲቱ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። እትዬ ጸጥታ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ መምህርቲቱ «ላልተወሰነ ጊዜ እንድታርፍ» ይላል፤ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው፣ ከፊርማው ሥር ስም የለው። ሰው ያለ ደመወዝ መንገድ ላይ መጣሉ ያሳዝናል፤ ግን ያለ ቁጥርና ያለ ቀን! በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎታቸው ነፍሰ ገዳይ እንኳ እንደዚህ ተዋርዶ አላዩም።

«ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ?»

«አንድ ሸሚዝ የዳቦ ዋጋ ነው። ኮት ሁለት ዳቦ ነው። ባለ ኮት ሰው ግን በዚህ ሰፈር ብዙ የለም።» ካውያውን አገላብጣ አየችው። «ልጆቹን የጠራኋቸው እንዳይመስልዎ። እነሱ ናቸው በሁለተኛው ቀን የመጡት፤ ምንም አልገባንም ብለው። አይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም» አሉ እትዬ ጸጥታ፤ ትንሽ ግን ተቀይመዋል።

«አምና ደግሞ አንድ ጊታር የሚጫወት ወጣት ተልኮልን አምስተኛ ክፍልን አንድ ወር አዘፈናቸው። መምህርቷ ቤቷ ተቀምጣ ከረመች። ልጆቹ እስከ ዛሬ ማካፈል አይችሉም። ድምፃቸው ግን ቆንጆ ነው።» ሸሚዙን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። «እርስዎን አልጠላዎትም። እግዜር ያሳይዎ፣ ደግ ሰው ይመስሉኛል። ባይመጡ ግን ይሻለኝ ነበር።»

በሕይወታቸው ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏቸዋል፤ እንዲህ በትሕትና ልክ ልካቸውን የነገራቸው ግን የለም። እትዬ ጸጥታ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ ወረቀቱን ለአንድ ቀን እንድታውሳቸው ጠይቀው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሳይታጠፍ በጥንቃቄ አስገብተው ወጡ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አጋድሞ ይጠብቃቸዋል። እትዬ ጸጥታ ተቀመጡ፣ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከጎኑ ደግሞ ያቺን ቁጥር የሌላትን ወረቀት ዘረጉ። የሰውየው ፊት ከክብነቱ ትንሽ ረዘመ።

«ይቺን ከየት አመጧት?»

«ከሸሚዝ መተኮሻ ቤት። መምህርቲቱ ነገ ጠዋት ወደ ክፍሏ ትመለሳለች የሚል ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ከዚያ የእርስዎን አያለሁ።»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር ሥራ ድርድር የለም እኮ!»

«ድርድር አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። በፊት የገባ ጉዳይ በፊት ይታያል።»

ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ስለ ጣሪያው ነገራቸው፤ ይህን ሲናገር አልቀለደም። ባለፈው ዝናብ ስድስት ልጆች ሳንባቸውን ታመው ነበር። ለቦርዱ ጽፏል፣ ለማዘጋጃ ቤት ጽፏል፣ በየቢሮው ደጅ ጠንቷል፤ የሰጠው የለም። ከየት ያምጣ? ከራሱ ቆዳ ይሥራው? እሳቸው ሲመጡ ከሰማይ የወረደ መፍትሔ መሰለው። «እኔም እኮ ሰው ነኝ እትዬ» አለ።

እትዬ ጸጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑለት። ማዘናቸው ግን ከወንበራቸው አላነቃነቃቸውም። «ጣሪያው ያፈስሳል፤ እውነት ነው» አሉ። «በአንዲት ሴት ራስ ላይ ሊከደን ግን አይችልም።»

«እርስዎ ነገ ክፍል ካልገቡ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው፤ ለነሱ አያዝኑም?»

«ስላዘንኩ ነው እንጂ! እኔ ስገባ ነው ሜዳ ላይ የሚቀሩት። ፈተናውን ያሳለፈቻቸው እሷ ናት፤ ካውያ ይዛ። ይህን ለቤተ ክርስቲያኔ ብጽፈው ደስ ይልዎታል? እኔ ደግሞ መጻፍ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ልማድ ሆኖብኝ።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ እስክሪብቶውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። እትዬ ጸጥታ አልቸኮሉም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሲጠብቅ የኖረን ሰው በዝምታ ማሸነፍ አይቻልም። በመጨረሻ እሳቸው እየነገሩት እሱ ጻፈ። ቁጥር አሰጡት፣ ቀን አስገቡት። «ጉዳዩ፦ ወደ ሥራ ስለመመለስ» የሚለውን ከሥሩ አስሰመሩበት። ደመወዟ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ የሚል ሲያስገቡ ሊከራከር አፉን ከፈተና ፊታቸውን አይቶ ዘጋው። ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

«ግልባጭ ለማን ይባል?» አለ በምሬት፤ ሊያሾፍ ፈልጎ ነበር።

«ለኔ» አሉ እትዬ ጸጥታ።

የእሱን ደብዳቤ ግን አልፈረሙም። በሌላ ወረቀት ለቤተ ክርስቲያናቸው በእጃቸው ጻፉ፤ አጭር ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ጎበዞች፣ መምህራኑም ከበቂ በላይ መሆናቸውን ገለጹና፣ «ሰው አትላኩ። ቆርቆሮ ላኩ» ብለው ቋጩት። ከዚያ የቆርቆሮውን ብዛትና ውፍረት ርዕሰ መምህሩን ጠይቀው አስገቡበት። ይህንን ሲነግራቸው ሰውየው ሳያስበው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ «ሚስማርም ይጨምሩበት» አለ።

መሸት ሲል ተመልሰው ስፌት ቤቱ ሄዱ። መምህርቲቱ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። እትዬ ጸጥታ እልልታ ባይጠብቁም አንዲት «እግዜር ይስጥልኝ» ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከእርሳስ ማስቀመጫዋ ቀይ እስክሪብቶ አወጣችና፣ ርዕሰ መምህሩ የተሳሳታቸውን ሁለት ፊደላት አቃናቻቸው። ከዚያ የጀመረችውን ኮት ተኩሳ ጨረሰች፤ ሁለት ዳቦ ነው፣ አይጣልም። ካውያውን ነቅላ ገመዱን እየጠቀለለች ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመችና ትከሻዋ ትንሽ ተነቃነቀ። እትዬ ጸጥታ ወደ በሩ ዞረው የሽማግሌውን ስፌት ማድነቅ ጀመሩ።

«እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች መምህርቲቱ ድምፅዋ ሲመለስላት።

«አምስት ሳምንት ይቀረኛል። እቤትም ኳስ እየተጫወቱብኝ ነው።»

«ደብተር ማረም ይችላሉ?»

«ካሳየሽኝ እችላለሁ።»

«አሳይዎታለሁ። ነገ ቀደም ብለው ይምጡ። ክፍል ውስጥ ግን» አለችና ትንሽ አመነታች፤ «ልጆቹ ይንጫጩ። ይተዉአቸው።»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ቤት መመለስ የግድ ነበር፤ ማደሪያቸው ሌላ የለማ። ራት ቀርቦ ነበር፤ የድንች ሾርባ፣ ዳቦ፣ ሦስት ሳህን። ርዕሰ መምህሩ እንደ ጠዋቱ ወንበር አልሳበላቸውም። ሚስቱ ሳበችላቸው። ከዚያ ባልየው እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ጀመረ። ለማዕዱ አመሰገነ። ለጤና አመሰገነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጌታ ሆይ፣ በእንግድነት ተቀብለን ያስጠጋናቸውን አስብ። የደነደነውን ልብ አለስልስ። የቤትህን ጣሪያ ሊከድኑ መጥተው የሚገልጡትን ይቅር በላቸው። በሰው ቢሮ ገብቶ ማዘዝ የሚያምረውን መንፈስ ከመካከላችን አርቅ…»

እትዬ ጸጥታ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሚስቲቱም አንድ ዓይኗን ገልጣ ኖሯል፤ ተያዩ። የሴትዮዋ ከንፈር ሳቅ አፍኖ ይንቀጠቀጣል። ጸሎቱ ቀጠለ፤ ሾርባው መቀዝቀዝ ጀመረ፤ በድስቱ ላይ ስስ ቆዳ ያዘ።

«…ትሕትናን ስጠን አባት ሆይ፤ ለሁላችንም ስጠን፤ በተለይ ደግሞ በዕድሜ ገፍተው፣ እ…» አለና ለቀጣዩ ቃል ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አሜን!» አሉ እትዬ ጸጥታ፣ በችሎት ድምፃቸው።

«አሜን!» አለች ሚስቲቱ፤ ባሏን ቀድማ ብላው የማታውቀውን አሜን።

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ሲገልጥ ሾርባው ተቀድቶ፣ ሁለቱ ሴቶች ዳቦ እየተቀባበሉ ነበር።